የንግግር ሕክምና ያድናል ወይስ ቁስል ይቀሰቅሳል?



በቅርቡ ትምህርት ከተለቀቀ በኋላ የአንድ ተማሪዬ እናት ወደ ክፍል መጡ። ልጃቸው ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፤ ቀን ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ከሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ይቅረብና የሆነውን ሁሉ ይናገር ተብለዋል። ጎረቤታቸው ግን «የደረቀ ቁስል አይነካም፤ ካወራው ይብስበታል» ብላቸዋለች። «መምህር፣ እርስዎ ካነበቡ ይንገሩኝ፤ የቱ ነው እውነቱ?» አሉኝ።

በዚያን ዕለት የምመልሰው አልነበረኝም። ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አይዘልም። ነገር ግን ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚህ ሰፈር ስንቱ ሰው «ሐሳብ በዛብኝ» እያለ ሌሊቱን ተቀምጦ እንደሚያነጋ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ስለ ጉዳዩ የተደረጉ ጥናቶችን አንብቤ የገባኝን ለወገኖቼ ለማካፈል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ። ከወዲሁ ልናገርና ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። በሥርዓት የተሠራ የንግግር ሕክምና ብዙ ሰው እንደሚያድን በሚገባ ተመርምሯል። ያለ ሥርዓት በጥድፊያ የሚደረግ «ተናገር፣ ተናገር» ደግሞ ሰው እንደሚጎዳም እንዲሁ ተመርምሯል።

በመጀመሪያ የንግግር ሕክምና ምን እንደሆነ በአጭሩ እንይ። ሳይኮቴራፒ ተብሎም ይጠራል። አንድ የሠለጠነ ሰው ከታማሚው ጋር በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በታወቀ ዘዴ እየተነጋገረ የሚሰጠው ሕክምና ነው። የሽማግሌ ምክር አይደለም፤ ሽማግሌ የሚመክረው «እንዲህ አድርግ» ብሎ ነው። የንስሐ አባት ወይም የሼኽ ጉዳይም አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በስደተኞች ጉዳይ ቢሮ የሚደረግልን ቃለ መጠይቅ አይደለም። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ብዙዎቻችን ስለ ደረሰብን ነገር የተጠየቅነው ቢሮ ውስጥ፣ ፋይል ተከፍቶ፣ ቀንና ቦታ እየተቆጠረ ነው። በመሆኑም «ተናገር» ሲባል ሁሉም ሰው የሚታየው ያ ጠረጴዛ ነው። ቃለ መጠይቁ የሚደረገው ለውሳኔ ነው፤ ሕክምናው ለታማሚው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መቀላቀል የለባቸውም።

ሕመሙ በእኛ ላይ ብቻ የመጣ እንዳይመስለን ሁለት ቁጥር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት ጦርነት ያለፈባቸው አራት አገሮች ሲመረመሩ፣ በኢትዮጵያ ከተጠየቁት 1200 ሰዎች መካከል ከመቶ 15.8 የሚሆኑት አሰቃቂ ነገር ካለፈ በኋላ የማይለቅ የአእምሮ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ የሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያን በ2004 በወጣ ጥናት ተጠይቀው፣ ከመቶ 9.8 ያህሉ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የድባቴ (የከባድ የመንፈስ ጭንቀት) ሕመም ደርሶባቸው ነበር። እንግዲህ ወደ ሦስተኛ አገር የሄዱትም ቢሆኑ ሕመሙን ድንበር ላይ ጥለውት አይሄዱም።

መድኃኒት መሥራቱ በምን ይታወቃል?

አንድ ሰው ታክሞ ቢሻለው ያሻለው ሕክምናው ነው ማለት አይቻልም። ጊዜ ያሻለው ሊሆን ይችላል። ጉንፋን ያለ መድኃኒትም ይለቃልና። በዚህ ነገር ትልቅ ክርክር ያስነሣው ሃንስ አይዘንክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። በጀርመን ተወልዶ በወጣትነቱ ናዚዎችን በመቃወም ከአገሩ ወጥቶ በእንግሊዝ የኖረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ከ7 ሺህ በላይ ሕሙማን የተመዘገቡባቸውን ሪፖርቶች ሰብስቦ፣ የንግግር ሕክምና ያገኙትም ያላገኙትም ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ስለዚህ ሕክምናው ለመጥቀሙ ማስረጃ የለም ሲል ጻፈ። ሙያተኞቹ በጣም ተቆጡ። እኔ ግን ሰውየው ጥሩ ሥራ ሠርቷል እላለሁ። እርሱ ባይጠይቅ ኖሮ ሌላው ለማረጋገጥ አይነሣም ነበር።

የአይዘንክ ስሌት ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ያነጻጸራቸው ሰዎች እኩል አልነበሩም። እኔ አዲስ መጽሐፍ ለጎበዞቹ ክፍል ሰጥቼ፣ አሮጌውን ለደካሞቹ ሰጥቼ፣ በፈተና ጎበዞቹ ሲበልጡ «መጽሐፉ ጥሩ ነው» ብል ማን ያምነኛል? ትክክለኛው መንገድ ዕጣ ነው። ልክ እንደ ዕቁብ ስም ተጽፎ ይጣጠፍና፣ የወጣለት ሕክምናውን ያገኛል፤ ያልወጣለት ለጊዜው ይቆያል ወይም ሌላ ዓይነት እርዳታ ያገኛል። ዕጣ አያዳላምና በሁለቱ ወገን ብርቱውም ደካማውም እኩል ይደርሳል። ከዚያ ከወራት በኋላ፣ ማን በየትኛው ወገን እንደነበረ የማያውቅ ሰው ሁሉንም ይጠይቃል። ልዩነት ከታየ ከሕክምናው የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ሜሪ ሊ ስሚዝና ጂን ግላስ የተባሉ አሜሪካውያን እስከዚያ ድረስ የተደረጉ 375 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው አሰሉ። ውጤቱን በክፍል ምሳሌ ላስረዳ። ሕክምና ያላገኙ መቶ ሰዎችን ከባሰበት እስከ ተሻለው በረድፍ ብናቆም፣ ሕክምና ካገኙት መካከለኛው ሰው መጥቶ ቢቆም ቦታው ሰባ አምስቱን ከኋላ ጥሎ ነው። ሁሉም ድኗል ማለት አይደለም። መሐል ላይ ያለው ሰው ብዙ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የተደረገው በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ቤትና ደመወዝ ባላቸው ሰዎች ላይ ነበር። በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ለሚኖር ሰውስ?

በስደተኛ ሰፈር የተደረጉ ጥናቶች

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው በኡጋንዳ የተደረገው ነው። በሰሜን ምዕራብ ኡጋንዳ ኢምቬፒ በምትባል የስደተኛ ሰፈር ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎች ይኖሩ ነበር። በዚያን ጊዜ በጀርመን የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ፍራንክ ኖይነርና ባልደረቦቹ ከእነዚህ መካከል የጦርነት ሰቀቀን ያልለቀቃቸውን 43 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንደኛው ክፍል አራት ጊዜ ያህል የሕይወት ታሪክ የመተረክ ሕክምና አገኘ። ሁለተኛው እንዲሁ አራት ጊዜ ተራ የማበረታቻ ምክር አገኘ። ሦስተኛው ስለ ሕመሙ አንድ ጊዜ ብቻ ትምህርት ተሰጠው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ ታሪካቸውን ከተረኩት ውስጥ ሕመሙ የቀረባቸው ከመቶ 29 ብቻ ነበሩ። ማበረታቻ ካገኙት ከመቶ 79፣ ትምህርት ብቻ ካገኙት ከመቶ 80 የሚሆኑት ግን ሕመሙ እንዳለባቸው ነበር። ሰዎቹ የሚኖሩት በዚያው ሰፈር እንደ ነበር አስቡ። ከጭንቅላታቸው ውስጥ ካለው በስተቀር ኑሯቸው አልተቀየረም።

ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንኑ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያ ቀን መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ የሰውየው ዕድሜ ነው፤ አንዱ ጫፍ ልደቱ ነው። ደስ ያለው ነገር በደረሰበት ቦታ አበባ ያስቀምጣል፤ መከራ በደረሰበት ድንጋይ ያኖራል። በሚቀጥሉት ቀናት ከልጅነቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተርካል። አበባው ላይም ድንጋዩም ላይ ይቆማል። ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ አማካሪው አያስዘልለውም፣ አያስቸኩለውምም። ያን ጊዜ ምን አየህ፣ ምን ሸተተህ፣ ልብህ እንዴት መታ፣ አሁን እዚህ ተቀምጠህስ ምን ይሰማሃል እያለ በዝግታ ያሳልፈዋል። ፍርሃቱ እስኪበርድም ቀጠሮው አይዘጋም። አማካሪው የሰማውን ይጽፋል። በሚቀጥለው ቀን ያነብለታል፤ ተራኪው የተሳሳተውን ያርማል። መጨረሻ ላይ የተሟላው የሕይወት ታሪክ ተነቦ ተፈርሞበት ለባለቤቱ ይሰጠዋል።

ለምን ይሠራል? ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያስረዳሉ። ተራ ትዝታ ቀንና ቦታ አለው። «ያኔ ደሴ እያለሁ» ብለን እንጀምራለን። አሰቃቂ ነገር ግን በአእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው ተቆራርጦ ነው፤ የጎማ ጭስ ሽታ፣ የቦት ጫማ ኮቴ፣ የአንድ ሰው ጩኸት። ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም። ስለዚህ ዛሬ በሐርጌሳ ሰማይ ሥር ጎማ ሲቃጠል ብትሸቱ ሰውነታችሁ አሁን የሚሆን ይመስለዋል፤ ልብ ይመታል፣ እግር ይሮጣል። በቅደም ተከተል መተረኩ ለዚያ ቁርጥራጭ ነገር ቀንና ቦታ ይሰጠዋል። ትዝታው አይጠፋም። «አለፈ» ተብሎ ይቀመጣል እንጂ።

ይኸው ቡድን በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ናኪቫሌ በተባለው ሰፈር ሁለተኛ ጥናት አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ታማሚዎቹ 277 የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞች ነበሩ። እኔን በጣም ያስገረመኝ አካሚዎቹ ናቸው። ዶክተሮች አልነበሩም። ከስደተኞቹ ከራሳቸው መካከል ተመርጠው ስድስት ሳምንት የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ስድስት ቀጠሮ ከሰጡና ዘጠኝ ወር ካለፈ በኋላ፣ ታሪክ ከተረኩት ከመቶ 70፣ ሌላ ዓይነት የሰቀቀን ምክር ካገኙት ከመቶ 65 የሚሆኑት ሕመሙ ለቀቃቸው። ምንም ሕክምና ሳይሰጣቸው በክትትል ብቻ ከቆዩት የለቀቃቸው ከመቶ 37 ናቸው። የአካል ሕመምም አብሮ ቀነሰ። ራስ ምታትና የጀርባ ቁርጥማት ይዘን በየጊዜው ወደ ክሊኒክ የምንመላለስ ሰዎች ይህን ልብ ብንለው ይጠቅመናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መታለፍ የለበትም። አንደኛ፣ ያለ ሕክምናም ከመቶ 37ቱ ተሽሏቸዋል፤ ጊዜ የራሱ ድርሻ እንዳለው አይዘንክ ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። ሁለተኛ፣ በኢምቬፒ ምክሩ ብዙ አልሠራም ነበር፤ በናኪቫሌ ግን ከትረካው እምብዛም አላነሰም። ሆኖም በትረካው ካሉት አቋርጠው የሄዱት ከመቶ 4 ሲሆኑ፣ በምክሩ ካሉት ከመቶ 21 አቋርጠዋል። «ቢያወራው አይችለውም፣ ጥሎ ይሮጣል» የሚለው ሥጋት እንግዲህ በዚያ ሰፈር በተቃራኒው ሆኖ ተገኝቷል።

ሰቀቀን ሳይሆን ድባቴ ለያዘው ሰውም ጥናት አለ። በኡጋንዳ ማሳካና ራካይ አውራጃዎች በሚገኙ 30 መንደሮች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ሰዎችን በቡድን አድርጎ፣ ወንዱን ከወንድ ሴቷን ከሴት ጋር፣ በሳምንት አንድ ቀን ለ16 ሳምንት አወያየ። የሚነጋገሩት ስለ ሐዘን፣ ስለ ጠብ፣ ስለ ኑሮ መለወጥ ነበር። ቡድን ካገኙት መጨረሻ ላይ ድባቴ የቀረባቸው ከመቶ 6.5 ናቸው፤ ካላገኙት ከመቶ 54.7። ተመራማሪዎቹ ሥራቸውን የጀመሩት የሐኪም ስም ይዘው አልነበረም። ገበሬው ራሱ ሕመሙን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቀው «ዮክወክያዋ»፣ ማለትም ራስን መጥላት፣ የሚለውን ቃል አገኙ። በዚምባብዌም፣ በሐራሬ ከተማ በ24 ክሊኒኮች በተደረገው ጥናት ሰዎች ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ከመጠን በላይ ማሰብ ማለት ነው። የእኛው «ሐሳብ በዛብኝ» ቁርጥ ራሱ! በዚያ የሠለጠኑ የሰፈር ሴቶች፣ ብዙዎቹ አያቶች፣ በክሊኒኩ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያነጋግራሉ። 573 ሰዎች የተካተቱበት የ2016ቱ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ሲመዘን የድባቴ ምልክት የቀረባቸው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ከመቶ 14 ያህል፣ ከተለመደው እርዳታ ካገኙት ከመቶ 50 ያህል ነበሩ።

ዘዴው ከመኖሪያችን ጋር ይስማማል አይስማማም የሚል ካለ፣ በኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ ለ694 የደቡብ ሱዳን ሴቶች የተደረገውንና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን ያስብ። እዚያ አማካሪው እንኳ በአብዛኛው ቴፕ ነበር። ሴቶቹ በቡድን ተቀምጠው በራሳቸው ቋንቋ የተቀዳ ትምህርት አምስት ሳምንት አዳመጡ፤ ሥዕል ያለበት መጽሐፍም ተሰጣቸው። ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ቅነሳው መጠነኛ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም በሌለበት ቦታ መጠነኛም ቢሆን ይቆጠራል።

ስለ ልጆች ያለው ጥናት አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በናኪቫሌ ለስድስት ሶማሊያውያን ልጆች ለሕፃናት የተዘጋጀ የትረካ ሕክምና ተሰጥቶ ጠቅሟቸዋል። በ2010 ደግሞ በጀርመን 26 ስደተኛ ልጆች በዕጣ ተከፍለው ሕክምናውን ያገኙት የተሻለ ሆነው ታይተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ አልቆለታል አልልም። ለተማሪዬ እናት ግን በቂ ተስፋ አለው።

ጉዳቱስ?

ጎረቤትየዋ ያለችው ከንቱ አልነበረም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዙ አገር አንድ ልማድ ነበር። አደጋ በደረሰ በቀናት ውስጥ የተጎዱትን ሰብስቦ፣ በአንድ ስብሰባ ሁሉን ነገር እንዲተነፍሱ ማድረግ። ነገሩ ለጆሮ ጥሩ ነበር፤ ማንም ሰው «ይተንፍስና ይቀለዋል» ይላልና። ከዚያ በዕጣ ተፈተነ። በዌልስ በእሳት የተቃጠሉ 133 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ፣ እንዲያ ከተደረገላቸው ከመቶ 26፣ ካልተደረገላቸው ደግሞ ከመቶ 9 የሚሆኑት ከ13 ወር በኋላ የሰቀቀን ሕመም ነበረባቸው። እርግጥ የመጀመሪያዎቹ ቃጠሏቸው ትንሽ የከፋ ነበር። ነገር ግን በ2000 በመኪና አደጋ የተጎዱ ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታዩም ተመሳሳይ ነገር ተገኘ፤ መጀመሪያ ላይ በጣም ደንግጠው የነበሩት፣ ካልተነካኩ ቀስ በቀስ ተሻላቸው፤ በአንድ ቀን እንዲተነፍሱ የተደረጉት ግን በነበሩበት ቀሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ባወጣው መመሪያ ይህ ዘዴ እንዳይሠራበት አሳስቧል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አእምሮ በራሱ መንገድ እየጠገነ ነው ይባላል። በዚያን ጊዜ ሰው የሚያስፈልገው ውኃ፣ ብርድ ልብስ፣ የዘመዱ ወሬና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው። መናገር ከፈለገ ይደመጣል፤ ካልፈለገ አይነካም። በተከፈተ ቁስል ላይ መሐል መንገድ ትቶ መሄድም ጉዳት ነው። እኔ ራሴ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት በነበርኩበት አንድ ቦታ፣ ለሁለት ቀን የመጡ እንግዶች አንዲትን ወጣት ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት የደረሰባትን እንድትናገር አድርገው፣ አልቅሳ ሳትጨርስ ምሳ ሰዓት ደረሰ ተብሎ ሲበተን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከቤት መውጣት አቆመች። ያ ሕክምና አልነበረም። ስሙን ግን ያንኑ ነበር የሰጡት።

በተገቢው ሁኔታ በሚሰጥ ሕክምናም ቢሆን ሁሉም አይሻለውም። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ሰው ሲጨርስ ከጀመረበት የባሰ ይሆናል የሚል ግምት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ 14,587 ታካሚዎች ተጠይቀው በ2016 በወጣው ጥናት ከሃያ አንዱ ሰው ሕክምናው ዘላቂ ጉዳት አደረሰብኝ ብሏል። በዚያ ጥናት ሁለት ነገር እኛን ይመለከታል። ከአናሳ ብሔረሰብ የሆኑ ሰዎች ተጎዳን ማለታቸው ከሌላው በዛ ብሎ ተገኝቷል። ከመጀመሩ በፊት ስለ ሕክምናው በቂ ማብራሪያ የተሰጣቸው ደግሞ ተጎዳን ማለታቸው አነስ ብሏል፤ ምን ዓይነት ሕክምና እንደተሰጣቸው እንኳ የማያውቁት ላይ በዝቷል። ከዚህም ሌላ በ2014 ስዊድናውያን 132 የንግግር ሕክምና ጥናቶችን ሲመረምሩ፣ ጉዳት ደርሶ እንደሆነ የተከታተሉት ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ ሆነው አግኝተዋል። ለክኒን ቢሆን ኖሮ ይህ አይፈቀድም ነበር። ለንግግርም ሊፈቀድ አይገባም ባይ ነኝ።

በሐርጌሳ ስላለው ሁኔታ

ይኸው የኮንስታንዝ ቡድን እዚሁ ሐርጌሳ ውስጥም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት 4,854 ሰዎችን በየቤቱ ቆጥረው 169 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው አገኙ፤ ከአምስት ቤት በአንዱ ያህል ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ይጠበቃል ማለት ነው። ከታመሙት መካከል ጫት የሚቅሙት በለጋ ዕድሜ የጀመሩና መጠኑም የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ጫት ሁሉን ያሳብዳል አላሉም። እኛም ምርቃናውን ተከትሎ የሚመጣውን ዱካክ እናውቀዋለን። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐሳቡን ለመርሳት ሲቅም፣ ጫቱ ደግሞ እንቅልፉን ሲወስድበት፣ ከዚያ ለእንቅልፍ ክኒን ሲገዛ ስንት ጊዜ አይተናል? የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው በ2013ቱ መመሪያ፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንደ ቫሊየም ያሉ ክኒኖች ለድንጋጤውም ለእንቅልፍ ማጣቱም እንዳይሰጡ ይላል። ለረጅም ጊዜ የለመደባቸው ሰው ግን በአንድ ቀን አያቁማቸው፤ ያ ራሱ አደገኛ ነው። ሐኪም ቀስ በቀስ ያስተዋል።

ድምፅ ለሚሰማው፣ ማንም የሌለበትን ለሚያይ፣ ሰዎች ሊገድሉኝ ነው እያለ ለሚሸሽ ሰው ከላይ ያልኳቸው የትረካ ሕክምናዎች የመጀመሪያ መፍትሔ አይደሉም። እንዲህ ላለው መድኃኒት ያስፈልጋል። ሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል አለው። ማሠር ወይም መግረፍ ማንንም አላዳነም። «ራሴን አጠፋለሁ» የሚል ሰው ካለም ቀጠሮ አይጠበቅለትም፤ በዚያው ቀን ለክሊኒኩ ይነገር፣ ብቻውንም አይተው።

ጠበል የሚጠመቅም ቁርዓን የሚያስቀራም ይህን ሕክምና ለማግኘት እምነቱን መተው የለበትም። ሁለቱ አይጣሉም። የሚያሳዝነው ጠበል ጀመርኩ ብሎ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት መጠየቅ ያለባችሁ

አንድ አማካሪ «ና እንነጋገር» ቢላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዘዴው ምን ይባላል፣ ስንት ቀጠሮ ነው፣ እናንተ ሳትጨርሱ አማካሪው ቢሄድ ማን ይተካል? የምነግራችሁን ማን ያውቀዋል፣ ፋይሌ ውስጥ ይገባል ወይ? የመጨረሻው በተለይ ይጠየቅ። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ይጠቅመኛል ብሎ ሕመም የሚጨምር አለ፤ ይጎዳኛል ብሎ የሚደብቅም አለ። ሁለቱም የሚታከሙት በውሸት ታሪክ ነውና ሕክምናው አይይዛቸውም።

ስለ አስተርጓሚ ደግሞ ይህን እላለሁ። ሰፈሩ ጠባብ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። የጎረቤታችሁ ልጅ እንዲያስተረጉም ካልፈለጋችሁ «ሌላ ሰው» ማለት መብታችሁ ነው። ሴት ከሆናችሁ ሴት አማካሪና ሴት አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጅን ደግሞ ለእናቱ ወይም ለአባቱ እንዲያስተረጉም በጭራሽ አታድርጉ፤ አባቱ የደረሰበትን በራሱ አፍ መናገር ለልጁ ሌላ ሸክም ነው። ታሪካችሁ ተጽፎ ቢሰጣችሁ ወረቀቱን የት እንደምታኖሩት አስቀድማችሁ አስቡ። ቤታችሁ ቁልፍ ከሌለው አማካሪው ዘንድ እንዲቆይ መጠየቅ ይቻላል። መሐል ላይ ከከበዳችሁም «ዛሬ ይብቃኝ» ማለት ትችላላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀጠሮዎች እንቅልፍ ሊረብሹ ይችላሉ፤ ይህ ይታወቃል፣ በአብዛኛው ያልፋል። ከሳምንት ወደ ሳምንት እየባሰ ከሄደ ግን ዝም ብላችሁ አትታገሡ፤ ለአማካሪው ንገሩት፣ ካልሰማችሁ ለኃላፊው።

ሕክምናው ራሽን አይጨምርም፣ ጣሪያ አይጠግንም፣ የጉዳያችሁን ውሳኔ አያፋጥንም። ይህን የሚያስብ ሰው ሁለት ቀን ሄዶ ይቀራል። በናኪቫሌ የተሻላቸው ሰዎችም ከቀጠሮ ሲመለሱ ያው ወረፋ ይጠብቃቸው ነበር።

የተማሪዬ እናት ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጥተው ነበር። ከላይ የጻፍኩትን በቃል ነገርኳቸው። ወዲያው «እሺ» አላሉኝም። «መጀመሪያ እኔ ልሂድና ልየው፤ ደህና ከሆነ ልጁን አመጣዋለሁ» አሉ። አማካሪውን የሚጠይቋቸውን አራት ጥያቄዎች በደብተር ቅዳጅ ላይ ጻፍኩላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ታላቅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ ወገኖች ስም ሳትጽፉ በወረቀት አድርጋችሁ በትምህርት ቤቱ ለእኔ ብትተዉ፣ የማውቀውን በሚቀጥለው እትም እመልሳለሁ።